ኒሺታኒ ኬጂ፦ በከንቱነት ውስጥ አልፎ ወደ ባዶነት የደረሰው የኪዮቶ ፈላስፋ

ቀለም ቀንድ

ኒሺታኒ ኬጂን «የዜን ፈላስፋ» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። ስሙ በተነሣ ቁጥር ዜን፣ ማለትም በተመስጦ ላይ ያተኮረው የቡድሃ እምነት ዘርፍ፣ ይቀድማል፤ ከዚያ ጸጥታው፣ ከዚያም የኪዮቶ ገዳማት ይከተላሉ። ይህ አካሄድ ሰውየውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ማንበብ ይመስለኛል። ኒሺታኒ ከተስፋ መቁረጥ ተነሥቶ፣ በፍልስፍና በኩል አልፎ፣ ዘግይቶ ወደ ዜን የደረሰ ሰው ነው። ይህን ቅደም ተከተል ያልያዘ አንባቢ ስለ «ባዶነት» የጻፈውን ሁሉ እንደ ሩቅ ምሥራቅ ምሥጢር ቆጥሮ ያልፈዋል። ስለዚህ ሕይወቱንና ሐሳቡን አያይዤ አቀርባለሁ፤ ክርክሩን ከእናንተ እጠብቃለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በ1900 በኢሺካዋ ግዛት፣ ወደ ባሕር ዘልቆ በገባው በኖቶ ልሳነ ምድር ነው፤ በ2024 የመጀመሪያ ቀን በብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ የተመታው አካባቢ ማለት ነው። የመምህሩ የፈላስፋው የኒሺዳ ኪታሮ የትውልድ ቦታም ይኸው ግዛት ነበር። ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ቶኪዮ ተዛወረ። አባቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ እርሱም በጉርምስናው በተመሳሳይ ሕመም ተይዞ፣ ሊገባበት ይመኘው በነበረው ትምህርት ቤት የጤና ምርመራውን ሳያልፍ ቀረ። በእነዚያ ዓመታት የናትሱሜ ሶሴኪን ልብ ወለዶች፣ ዶስቶየቭስኪን፣ ኒቼን፣ መጽሐፍ ቅዱስንና ስለ አሲሲው ፍራንቸስኮስ የተጻፉትን ያነብ ነበር። በኋላ ስለዚያ ዘመን ሲጽፍ ወጣትነቱ ተስፋ የራቀው እንደነበረ፣ ወደ ፍልስፍና የገፋውም በሁሉም ነገር ሥር ይታየው የነበረው ከንቱነት እንደሆነ ሳይሸፍን ተናግሯል። በዚህ መካከል የኒሺዳን አንድ የድርሳናት ስብስብ ከመጻሕፍት መደብር ገዝቶ አነበበ። በፊቱ ሦስት መንገዶች ነበሩት፦ የዜን መነኩሴ መሆን፣ ደራሲው ሙሻኖኮጂ ሳኔአትሱ የመሠረተውን «አዲስ መንደር» የተባለ የኅብረት ኑሮ መቀላቀል፣ ወይም ኪዮቶ ሄዶ ፍልስፍና መማር። ሦስተኛውን መረጠ። ከሦስቱ አንዱም እንጀራ ለማግኘት የሚመረጥ አለመሆኑን ልብ ይሏል።

በ1924 ስለ ፈላስፎቹ ስለ ሼሊንግና ስለ በርግሶን በጻፈው ጥናት ከኪዮቶ ንጉሠ ነገሥታዊ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፤ ከ1928 ጀምሮ በኦታኒ ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1932 ጀምሮ ደግሞ በተማረበት ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በሾኮኩጂ ገዳም በመምህር ያማዛኪ ታይኮ ሥር ጽኑ የዜን ልምምድ የጀመረው በ1936 ነው፤ ያን ጊዜ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው፣ የተፈተነ የፍልስፍና መምህር ነበር። ከ1937 እስከ 1939 በመንግሥት ድጎማ ወደ ጀርመን ሄዶ በፍራይቡርግ የፈላስፋውን የሃይደገርን ትምህርት ተከታተለ። ሃይደገር በዚያን ጊዜ ስለ ኒቼ ያስተምር ነበር፤ ኒሺታኒም እዚያው ስለ ኒቼና በመካከለኛው ዘመን ስለነበረው ጀርመናዊ ሰባኪ ስለ ማይስተር ኤክሃርት ንግግር አቅርቧል። እግዚአብሔር ሞቷል ያለውንና እግዚአብሔርን ከመውደዱ የተነሣ ከእግዚአብሔር በስተጀርባ ያለውን ጥልቀት የፈለገውን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ምን ያስጨንቀው እንደነበር ከዚህ ይገለጣል።

ስለ ኒሂሊዝም፣ ማለትም ሁሉም ነገር ትርጉም የለውም ስለሚለው አስተሳሰብ፣ የሰጣቸው ትምህርቶች በ1949 በመጽሐፍ ወጡ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አብዝቼ የተመለስኩበት ክፍል ስለ ጃፓን የሚናገረው ነው። አውሮፓ ቢያንስ ቤቱ መፍረሱን አውቆ ያዝናል፤ ጃፓን ግን የምዕራቡን ሥልጣኔ ያለ መንፈሳዊ ሥሩ ተቀብላ፣ የራሷን የቡድሃና የኮንፉሺየስ ትምህርት መሠረትም ለቃ፣ ባዶ እጇን መቅረቷን እንኳ አላስተዋለችም ይላል። ዋና ሥራው «ሃይማኖት ምንድን ነው?» በ1961 ታተመ። በ1982 ቤልጂየማዊው ሚስዮናዊ ያን ቫን ብራክት የተረጎመው የእንግሊዝኛው ቅጂ ከወጣ በኋላ ስሙ በዓለም ታወቀ። በ1990 ኪዮቶ ውስጥ አረፈ።

አሁን ወደ ሐሳቡ ልግባ። ኒሺታኒ ስለ ሃይማኖት ጥቅም መጠየቅ ጥያቄውን መገልበጥ ነው ይላል። ሃይማኖት ለሕይወት ምን ይጠቅማል ብለን የምንጠይቀው ሕይወታችን ራሱ ዓላማው የታወቀ ሲመስለን ብቻ ነው። ሞት፣ ኃጢአት ወይም የምንወደውን ሰው ማጣት ሲመጣ ግን ጥያቄው ይዞራል፤ «እኔ ራሴ ለምን አለሁ?» ይሆናል። ሃይማኖት የሚጀምረው ከዚህ መዞር ነው። ከዚህ በኋላ ሦስት መስኮችን ይለያል። የመጀመሪያው እኔ ተመልካች፣ ነገሮችም ታዛቢ የሚያያቸው ዕቃዎች የሆኑበት የንቃተ ኅሊና መስክ ነው። ሁለተኛው ያ ወለል ሲሰነጠቅ የሚገለጠው የከንቱነት መስክ ነው። ሦስተኛው የባዶነት መስክ ሲሆን፣ ወደዚያ የሚደረሰው ከንቱነትን በመሸሽ ሳይሆን እስከ መጨረሻው በውስጡ በማለፍ ነው። የሐሳቡ አከርካሪ ይህ «በውስጡ ማለፍ» ነው ብዬ አምናለሁ።

የአራት ኪሎ ልጅ

ወንድሜ ቀለም ቀንድ፣ አቀራረብዎ ግልጽ ነው፤ አመሰግናለሁ። ሆኖም ሁለተኛውና ሦስተኛው መስክ በምን እንደሚለያዩ አልታየኝም። ከንቱነትም ባዶነትም «ምንም የለም» የሚሉ ናቸው። አንዱ ያስለቅሳል፣ ሌላው ያጽናናል ካልን ልዩነቱ በስሜት እንጂ በነገሩ ላይ አይደለም ማለት ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሳርትርም ሰው በምንምነት ላይ ቆሞ ራሱን ይፈጥራል ብሏል፤ ኒሺታኒ ከዚህ የጨመረው ምንድን ነው?

ቀለም ቀንድ

ጥያቄዎ የመጽሐፉን እምብርት ነክቷል፤ ሳርትርን ማንሣትዎም ትክክል ነው፤ ኒሺታኒ ራሱ ከእርሱ ጋር በሰፊው ይከራከራልና። የሚሰነዝርበት ትችት ይህ ነው፦ በሳርትር ዘንድ ምንምነት የ«እኔ» መቆሚያ ሆኗል። ሰውየው በከንቱነት ጫፍ ላይ ቆሞ «እኔ እመርጣለሁ» ይላል፤ እኔነቱ ግን አልተነካም፣ እንዲያውም ጠነከረ። ስለዚህ ከንቱነቱ አሁንም ከውጭ እንደ ገደል የሚታይ ነገር ሆኖ ቀርቷል፤ ገደል ሆኖ የሚታይ ምንምነት ደግሞ ገና «አንድ ነገር» ነው። ኒሺታኒ የሚለው ምንምነቱም ራሱ ባዶ መደረግ አለበት ነው። የዜን መምህራን «ታላቁ ጥርጣሬ» የሚሉትን በዚህ ይተረጉማል፤ እኔ አንድን ነገር እጠራጠራለሁ ሳይሆን፣ እኔም ነገሩም አንድ ጥርጣሬ እስክንሆን ድረስ የሚሄድ ጥርጣሬ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚይዘው ሰው ስለሌለ ገደሉም ገደል መሆኑ ያበቃል።

ልዩነቱ በስሜት ብቻ አለመሆኑን የሚያሳየው ስለ ነገሮች የሚለው ነው። በከንቱነት መስክ ነገሮች ይርቁናል፣ ትርጉማቸው ይረግፋል። በባዶነት መስክ ግን እያንዳንዱ ነገር ለእኛ በሚታይበት መልክ ሳይሆን በራሱ ቤት እንዳለ ይገለጣል። «እሳት እሳትን አያቃጥልም» የሚለውን ጥንታዊ አባባል ደጋግሞ ያነሣል። እሳትን «የሚያቃጥል ነገር» ብለን የምንገልጸው ከእንጨቱ አንጻር ነው፤ እሳቱ ለራሱ አይቃጠልም፤ ማቃጠል የቻለውም ራሱን ባለማቃጠሉ ነው። እንግዲህ የእሳት እሳትነት የምናውቀው ትርጉም በማይደርስበት ቦታ ላይ ይቆማል። እያንዳንዱ ነገር እንዲህ በራሱ ሥር ላይ ሲቆም ደግሞ ተለያይቶ አይቀርም፤ አንዱ ለሌላው ሁሉ ጌታም አገልጋይም ሆኖ ይያያዛል ይላል። ይህን የመጨረሻውን ክፍል ኒሺታኒ ከሚያስረዳው ይልቅ የሚያውጀው ይመስለኛል፤ እስከ እሳቱ ድረስ ያለው ግን ክርክር ነው።

ወለተ ማርያም

ውይይቱን በጥሞና ተከታትያለሁ። እኔን የሳበኝ ኒሺታኒ ስለ ክርስትና የጻፈው ነው፤ የሚስማማኝም የሚከብደኝም እዚያ ላይ ነው። «ፀሐዩን በክፉዎችና በበጎዎች ላይ ያወጣል» የሚለውን የማቴዎስ ወንጌል ቃል ይዞ፣ እግዚአብሔር ፍጹም የተባለው በዚህ አድልዎ በሌለው ፍቅር ነው ይላል፤ ቀጥሎም የፊልጵስዩስ መልእክት ክርስቶስ «ራሱን ባዶ አደረገ» የሚለውን ያነሣል። በእርሱ አነባበብ የክርስቶስ ራስን ባዶ ማድረግ በጊዜ ውስጥ የተፈጸመ ሥራ ሲሆን፣ የአብ ፍቅር ግን ከጥንቱ ባዶ የሆነ ፍቅር ነው፤ የመጀመሪያው ከሁለተኛው ይፈልቃል። የቡድሃ እምነት ያለው ሰው ወንጌልን እንዲህ በአክብሮት ማንበቡ አስደንቆኛል።

ሆኖም ጥያቄ አለኝ። እኛ በቤተ ክርስቲያናችን እንደተማርነው ቃል ሥጋ ሲሆን ከመለኮቱ የጎደለ የለም፤ ራሱን ዝቅ ያደረገውም ማንነት ያለው፣ የሚወድና የሚጠራ አካል ነው። ኒሺታኒ የፀሐዩን ምሳሌ ሲተረጉም በእግዚአብሔር ዘንድ ማንነት የሌለው ገጽታ እንዳለ፣ እንዲያውም ይህ ገጽታ ከማንነቱ የጠለቀ እንደሆነ ወደ ማሰብ ያዘነብላል። ፀሐይ ግን ማንንም አታውቅም። አድልዎ የሌለው ፍቅርና ማንንም የማያውቅ ግድየለሽነት አንድ ከሆኑ «አባታችን ሆይ» ብሎ የሚጸልይ ሰው ማንን ይጠራል?

ቀለም ቀንድ

እህታችን ወለተ ማርያም፣ ይህን ተቃውሞ በኒሺታኒ ላይ ከቀረቡት ሁሉ እጅግ ጠንካራው አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ብዙ የምዕራብ የነገረ መለኮት ሊቃውንትም በሌላ አነጋገር አቅርበውታል። ለእርሱ ተሟግቼ ልመልስ። ኒሺታኒ ማንነትን መሰረዝ አይፈልግም፤ ማንነት ያለውና ማንነት የሌለው ተብሎ ሁለት ሳጥን መደረጉን ግን ይቃወማል። ግድየለሽነት ከፍቅር በታች ነው፤ እርሱ የሚለው አድልዎ ማጣት ከመምረጥ ፍቅር በላይ ነው፤ ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ውጫዊ መልካቸው ብቻ ነው። ለዚህ ምስክር የሚጠራው ማይስተር ኤክሃርትን ነው። ኤክሃርት ከፈጣሪነቱ አንጻር የሚጠራውን እግዚአብሔርና ስም የማይደርስበትን መለኮት ለይቶ፣ ከእግዚአብሔር ነጻ እንዲያደርገው እግዚአብሔርን ይለምን ነበር። ልመናው ራሱ ለሚሰማ ማንነት የቀረበ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ኤክሃርት ጸሎትን አላቋረጠም።

ይሁን እንጂ በ1329 የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 22ኛ ከኤክሃርት ትምህርት የተወሰዱ 28 አንቀጾችን በይፋ እንዳወገዙ መዘንጋት የለበትም። ኒሺታኒ ለክርስትና ምስክር አድርጎ ያቆመው ሰው በራሱ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ አከራካሪ ነበር። ስለ ጸሎቱ ያነሡት ጥያቄ ግን በኤክሃርት አይፈታም። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ጸሎት የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ ለሃይማኖት ፍልስፍና መጽሐፍ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

የፊዚክስ መምህር

ስለ ነገረ መለኮቱ የምለው የለኝም፤ ስለ ሳይንስ የጻፈው ግን ሳይነሣ እንዳያልፍ እፈልጋለሁ። ብዙ የሃይማኖት ጸሐፊዎች ሳይንስን ወይ ይሸሹታል ወይ በግድ ከመጽሐፋቸው ጋር ያስታርቁታል። ኒሺታኒ ከሁለቱም አይደለም። የተፈጥሮ ሕግ ለሰው ደንታ እንደሌለው፣ ዓለምም ለሰው ደኅንነት የተሠራች ቤት እንዳልሆነች ሳይንስ ማሳየቱን ሙሉ በሙሉ ይቀበላል፤ ሃይማኖት ይህን እውነት ካልተጋፈጠ ሐቀኛ አይሆንም ይላል።

አንድ ምሳሌ አለው። ለውሻ ቁራሽ ዳቦ ቢወረወርለት ዘሎ በአየር ላይ ይቀልበዋል። ዳቦው የሚወድቀው፣ ውሻውም የሚዘለው በዚያው በአንድ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ውሻው ግን ሕጉን በደመ ነፍስ ይኖረዋል። ሰው ሕጉን በዕውቀት ይይዘዋል፤ ማሽን ሲሠራ ደግሞ ሕጉ በጠራ መልኩ ይገለጣል። እስከዚህ ድረስ ማንኛውም መምህር የሚለው ነው። የሚቀጥለው ነው የገረመኝ፤ ሰው ሕጉን በተቆጣጠረ መጠን ራሱ ሜካኒካዊ ይሆናል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከሕግ ውጭ እንዳለ ሆኖ ፍላጎቱን ብቻ የሚያሳድድ ፍጡር ይሆናል። ተቆጣጣሪው ተቆጣጣሪ የሌለው ፍላጎት ሆኖ ያርፋል፤ በዚህ ፍላጎት ሥርም ያ ከንቱነት ሳይታይ ተቀምጧል። ይህ የተጻፈው በ1950ዎቹ ነው። የኪስ ስልክና ማኅበራዊ መገናኛ ባልነበረበት ዘመን ይህን ያህል ማየቱን አደንቃለሁ። መድኃኒቱ ግን አላሳመነኝም፤ ምርመራው ትክክል የሆነ ሐኪም ሁሉ ትክክለኛውን መድኃኒት አያዝም።

የአራት ኪሎ ልጅ

ስለ ባዶነትና ከንቱነት የተሰጠኝ መልስ አጥጋቢ ነው። እስካሁን ማንም ያልነካውን ጉዳይ ግን ላንሣ። ቀለም ቀንድ የሕይወት ታሪኩን ሲተርኩ ከ1939 ወደ 1949 በአንድ እርምጃ ተሻግረዋል፤ መካከሉ ጦርነት ነበር። ኒሺታኒ በ1941 ስለ ዓለምና ስለ አገረ መንግሥት አመለካከት መጽሐፍ አሳትሟል፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር፣ የፐርል ሐርበር ጥቃት ሊፈጸም ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ከኮሳካ ማሳአኪ፣ ከኮያማ ኢዋኦና ከሱዙኪ ሺጌታካ ጋር ጃፓን በዓለም ታሪክ ስላላት ስፍራ ያደረጉት የክብ ጠረጴዛ ውይይት «ቹኦኮሮን» በተባለው መጽሔት ላይ ወጥቷል። በ1942 ደግሞ «ዘመናዊነትን መሻገር» በሚለው ታዋቂ ጉባኤ ተሳትፏል። በ1943 በኪዮቶ የሃይማኖት ወንበር ፕሮፌሰር ሆነ። ከሽንፈቱ በኋላ የአሜሪካ ጦር አስተዳደር ከመንግሥት ሥራ አገደው፤ ወደ ዩኒቨርሲቲው የተመለሰው በ1952 ነው።

ጥያቄዬ የግል ክስ አይደለም። «እኔነትን» ባዶ ማድረግን የሚያስተምር ፍልስፍና አገረ መንግሥት ልጆቹን «እኔነታችሁን ተዉ፣ ለእኔ ሙቱ» ሲላቸው «አይሆንም» የሚልበት አቅም ከየት ያመጣል?

ቀለም ቀንድ

የዘለልኩት ለብቻው መነጋገር ስለሚገባው ነበር፤ እርስዎም በሚገባ አቅርበውታል። በኒሺታኒ ወገን የሚባለው ይህ ነው፦ በ1941ዱ መጽሐፉ አገረ መንግሥትም እንደ ግለሰብ ራሱን መካድ፣ ራስ ወዳድነቱን ባዶ ማድረግ አለበት ብሎ ጽፏል፤ ይህም በዚያን ጊዜ ለጃፓን መንግሥት የቀረበ ሥውር ተግሣጽ ነበር ይላሉ ተከላካዮቹ። የጦርነቱ ዘመን አክራሪ ብሔርተኞችም የኪዮቶ ፈላስፎችን ምዕራባዊ ወሬ ያበዛሉ ብለው ያጠቁዋቸው ነበር።

እኔ ይህን መከላከያ በግማሽ ብቻ እቀበላለሁ። ራሱን የካደ መንግሥት የሚለው ሐሳብ፣ ጃፓን ለእስያ ስትል ራሷን የምትሠዋ አገር ናት ከሚለው የጦርነቱ ስብከት ጋር ሳይጋጭ ጎን ለጎን ሊኖር ችሏል፤ በዚያ ዘመን በተደረጉ የክብ ጠረጴዛ ውይይቶችም ኒሺታኒ አንዳንድ የእስያ ሕዝቦች በትምህርት ወደ ጃፓናዊነት ሊቀርቡ እንደሚችሉ ተናግሯል። ባዶ መሆን ያለበት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ለሁሉም እኩል ካልቀረበ ደካማው ብቻ ባዶ ይሆናል። ታናቤ ሐጂሜን ከጎኑ ማቆም እዚህ ላይ ይጠቅማል። ታናቤ የኒሺዳ ወንበር ወራሽና ከኒሺታኒ የሚቀድም ፈላስፋ ነበር፤ እርሱም በ1930ዎቹ አገረ መንግሥትን ከፍ ከፍ ያደረገ ፍልስፍና ጽፏል። ጦርነቱ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ግን ፍልስፍናው ራሱ ንስሐ መግባት እንዳለበት አስተማረ፤ በ1946 ባሳተመው መጽሐፍም በመካከለኛው ዘመን ጃፓናዊ የቡድሃ እምነት መምህር በሺንራን ትምህርት ተመርቶ፣ የራስ ኃይል ሲከሽፍ ከሌላ ኃይል ስለሚመጣ መዳን ጻፈ። ኒሺታኒ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አልጻፈም። ከጦርነቱ በኋላ ስለ ከንቱነትና ስለ ባዶነት ጻፈ። የ1961ዱ መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፍ ስለ ታሪክ ነው፤ የሕዝቦችን ራስ ወዳድነት ሥሩን ሊያሳይ ይሞክራል። ከእርሱ የተሰጠ መልስ አለ ከተባለ እዚያ ውስጥ ነው።

ወለተ ማርያም

ስለ ታናቤ ማንሣትዎ መልካም ነው። ንስሐ «በደልሁ» የሚል ሰው ይፈልጋል፤ ባዶነት ውስጥ ይህን የሚል ሰው ከየት ይገኛል የሚለው ስለ ጸሎት ካነሣሁት ጥያቄ ጋር አንድ ይመስለኛል። ታናቤ ወደ ሺንራን፣ ማለትም ከእኔ ውጭ ወዳለ ረዳት የዞረው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

የአራት ኪሎ ልጅ

ስለ መጨረሻው ምዕራፍ ከቀለም ቀንድ ጋር አልስማማም። ምዕራፉን አንብቤዋለሁ። ኒሺታኒ እዚያ ውስጥ የተመረጠ ሕዝብ ነን ማለትን፣ ክርስትና ለታሪክ የሰጠውን መጀመሪያና መጨረሻ፣ ከዚያም በኋላ ሃይማኖቱን ጥሎ የቀረውን የዕድገት እምነት አንድ በአንድ ይመረምራል፤ በሁሉም ውስጥ የተደበቀ ራስን ማዕከል ማድረግ ያገኛል። ምርመራው ስል ነው፣ ብዙ ተምሬበታለሁ። ነገር ግን የመረመራቸው ሁሉ የሌሎች ናቸው። የተመረጠ ሕዝብ ነኝ፣ ንጉሠ ነገሥቴም ከአማልክት የተወለደ ነው ብሎ በእርሱው ዘመን የዘመተ አንድ አገር ነበር፤ ያ አገር በዚያ ዝርዝር ውስጥ በስሙ ተጠርቶ አላገኘሁትም።